የወታደሩ ልጅ ለመሆን

አባቴን «ጋሸ» እያልኩ ነው ያደግኩት። እሱ ደግሞ «እታለም» ይለኝ ነበር፤ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ለፈቃድ ሲመጣ፣ ከረሜላ በኪሱ ሞልቶ፣ እንደ እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ እየሳቀ። አባየ የምለው የእሱን አባት ነበር። ጋሸም ያንኑ ሰው አባየ ይለዋል። ሁለታችንም አንድ አባት ስለምንጠራ እሱ ለእኔ ሩቅ አገር የሚኖር ትልቅ ወንድሜ ነበር። የወለደኝ እሱ መሆኑን ማንም አልደበቀኝም፤ ማንም ግን ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ልጁ ሲያድግ ራሱ ይደርስበታል ተብሎ ይተዋል። እኔም ደረስኩበት። ደርሼበትም ምንም አልቀየርኩም፤ ጋሸ ጋሸ ነው፣ አባየ አባየ ነው ብዬ ኖርኩ።

አገራችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ ወርደው በእግር የሚገባ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። በዚያ አካባቢ አያቱ ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል። ይህን እንደ ውሸት የሚቆጥረው የለም፤ እንዲያውም ሌላ ስም መስጠቱ ነው አያቱን መስደብ የሚመስለው። እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ሞተች። ጋሸ ሐዘኑን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ሠራዊት ገባ። ለትምህርት ስደርስ አባየ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እኔን ፊት ፊት እያስኬደ ትምህርት ቤት ወሰደኝና ርእሰ መምህሩ የአባት ስም ሲጠይቀው የራሱን ስም ተናገረ። ርእሰ መምህሩ የሰፈራችን ሰው ነበር፤ ጋሸን ያውቀዋል፣ እናቴን ቀብሯታል። ግን ምንም ሳይል ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በካርዴም፣ በስምንተኛ ክፍል ፈተናም፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴም ላይ የአባየ ልጅ ነኝ። በወረቀት ስንታይ እኔና ወላጅ አባቴ እህትና ወንድም ነን።

አባየ ቀጭን፣ ቁጡ፣ በከብቶቹ ላይ የሚጮኽ፣ ለሰው ግን ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ገበሬ ነው። ስሜን የሚጠራው ሲቆጣኝ ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ «ልጀ» ነኝ፤ «ልጀ፣ ውኃ አቀብይኝ»፣ «ልጀ፣ እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው»፣ «ልጀ፣ ምነው ዛሬ አልበላሽም»። በዚህ ዓለም የሚፈራው ነገር ቢኖር መሐላ ነው። የአገር ሽማግሌ ነውና ሰው ያስታርቃል፤ ነገሩ ወደ መሐላ ከደረሰ ግን «እኔ የለሁበትም» ብሎ ዱላውን ይዞ ይነሳል። አንድ ጊዜ የድንበር ጎረቤቱ ማሳ ገፍቶበት፣ ሽማግሌዎቹ «ማልና መሬቱን ውሰድ» ሲሉት፣ እውነቱ የእሱ ሆኖ ሳለ ሳይምል ጥሎ መጣ። «የእግዜርን ስም ለመሬት ብየ አልጠራም» አለ። አያቴ እስክትሞት ድረስ ይህን ነገር አልተወችለትም፤ በርበሬው ባነሰ ቁጥር ያንን ማሳ ታነሳበት ነበር።

የጋሸ የመጨረሻ ግዳጅ ረጅም ነበር። ሲሄድ ስምንተኛ ክፍል አልደረስኩም፤ ሲመለስ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። በመካከሉ ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። መጀመሪያ አካባቢ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቀን ነበር፤ «ከልጁ ወሬ አለ?» ይላሉ፤ አባየም «እግዜር ያውቃል» ይላል። በኋላ የአገሩ ነገር እየከረረ ሲመጣ ወታደር ልጅ አለኝ ማለት ራሱ የሚከብድ ሆነ። ጎረቤት መጠየቁን ተወ፣ እኛም መናገሩን ተውን። አባየ ግን ቅዳሴ ቆሞ ሲመለስ ፊቱ ያብጥ ነበር። አልቅሶ መሆኑን አውቃለሁ። በጋሸ የተናደድኩት በዚህ ነው እንጂ ጥሎኝ በመሄዱ አይደለም። ሽማግሌ አባቱን እንዲህ ማስለቀስ ምን የሚሉት ነገር ነው እያልኩ በሌለበት እሰድበው ነበር።

አንድ ቀን በማላውቀው ቁጥር ደወለና ቡሬ መሆኑን ነገረኝ። በጤና ምክንያት አሰናብተውታል። ወታደር የነበረ ሰው አገር ቤት መግባት ስለማይችል ቡሬ መናኸሪያው አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቷል። ሄጄ አየሁት። ከስቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ አንደኛው ጆሮው አይሰማም። የራሱን ድምፅ በደንብ ስለማይሰማ ሲናገር ይጮኻል፤ «እንዴት ነሽ» ሲለኝ የጎረቤቱ ሰው ብቅ ብሎ አየን። ከረሜላ ገዝቶ ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ የደረስኩ ልጅ ከረሜላ ተቀብዬ በላሁ።

በዚያው ሰሞን የፈተና ውጤት መጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣሁም። በእኛ ትምህርት ቤት ያመጣም አልነበረም፤ ግማሹን ዓመት ተዘግቶ የከረመ ትምህርት ቤት ምን ሊያመጣ? ለግል ኮሌጅ ግን ይበቃኛል። ነርስ መሆን እፈልግ ነበር፤ ይህን የሚያውቀው አባየ ብቻ ነው። ክፍያው ግን የአባየን በሬዎች ሸጠን እንኳ ከአንድ ዓመት በላይ አንችለውም። ካልተማርኩ የሚጠብቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ባል፣ ወይ ቡሬ ካሉት የእህል መጋዘኖች ባንዱ ገብቶ እያስነጠሱ በርበሬ ሲለቅሙ መዋል። ከእኔ በፊት የጨረሱ ሴቶች ሁሉ እዚያው ናቸው።

ወሬውን ያመጣው ጋሸ ነው። ቡሬ ያለ አንድ ኮሌጅ ረጅም ግዳጅ ላይ የቆዩ ወታደሮችን ልጆች ያለ ክፍያ ያስተምራል ተባለ። ከእሱ ጋር የተሰናበተ ጓደኛው ልጁን አስገብቷል። ጋሸ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ያንን ሁሉ ዘመን ምንም ሳያደርግልኝ ኖሮ አሁን የሚሰጠኝ ነገር ያገኘ መሰለው። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ኮሌጁ ግቢ የምዝገባው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ክፉ አልነበረችም። ካርዴን አየች፣ የጋሸን መታወቂያ አየች፣ መልሳ ካርዴን አየች።

«የአባትሽ ስምና የእሳቸው አባት ስም አንድ ነው» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ወንድምሽ ናቸው። ዕድሉ ለልጅ ነው እንጂ ለእህት አይደለም።»

ጋሸ ምን እንዳለች በከንፈሯ ገብቶት ይሁን በፊቷ፣ መስኮቱ ላይ ተደገፈና «ልጄ ናት! የወለድኳት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «ልጄ» ሲለኝ ስሰማው ያ የመጀመሪያው ነበር። ለእኔ ግን አልነበረም የተናገረው፤ ለመስኮቱ ነው።

ሴትዮዋ ታግሣ አስረዳችን። አባትነቱን ፍርድ ቤት ይወስን፤ በዚያ ውሳኔ መሠረት የነበረበት የጦር ክፍል ልጁ መሆኔን ይጻፍለት፤ ሁለቱን ይዘን ምዝገባው ሳይዘጋ እንምጣ። ጋሸ የክፍሉ ደብዳቤ ሲባል ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ያላየሁ መስዬ አለፍኩት፤ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ላይ ግን መቀመጫችንን እንደያዝን ጠየቅኩት። ሠራዊት ስትገባ ፋይልህ ላይ ምን ነበር የተሞላው? ልጅ አለኝ ብለህ አልነበረም ወይ?

«የለኝም ብዬ ነዋ!» አለ በዚያ በሚጮኽ ድምፁ። «ያገባና የወለደ አይቀበሉም ነበር። ያላገባሁ፣ ያልወለድኩ ብዬ ነው የገባሁ። አንቺ እንደሆንሽ አባየ አለልሽ! ሚስቴን ቀብሬ፣ መሬት የለኝ፣ ምን ላድርግ?»

የሚኒባሱ ተሳፋሪ ሁሉ ወደ መስኮት ዞረ። ሠራዊት የሚለውን ሰምተው ነው ወይስ አባቷ የካዳትን ልጅ ላለማየት፣ አላውቅም። እኔም ወደ መስኮት ዞርኩ። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ወደ እሱ አልተመለስኩም። ድሃ መሆኑ ይገባኛል፤ ወጣት መሆኑ ይገባኛል። ግን ሰው ደመወዝ ለማግኘት ብሎ ልጅ የለኝም ሲል አንዴ እንኳ ምላሱ አይያዝም? ይህንን ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ጮክ ብዬ ካልተናገርኩ አይሰማኝም፤ ጮክ ብዬ ደግሞ እዚያ ሰው መሃል አልናገረውም። ዋጥኩት።

ፍርድ ቤቱ ከክረምት ዕረፍቱ ገና መመለሱ ነበርና ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ታሪካችንን ሰምቶ ሳይጨርስ ገባው። «እንዲህ ያለው እዚህ የዕለት እንጀራችን ነው» አለን። ምስክር ያስፈልገናል፤ ጋሸና እናቴ ተጋብተው እኔን መውለዳቸውን የሚያውቁ ጎረቤቶች እናምጣ። አባት ተብለው የተጻፉት ሽማግሌ ቢመሰክሩ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጋሸ «እሳቸውን እንኳ ተዋቸው፣ ጎረቤት ሞልቷል» አለ። አባቱን ያውቀዋል። እኔም ጎረቤት ሞልቷል ብዬ አምኜ አገር ቤት ገባሁ።

ጎረቤት ሞልቶ ነበር፤ ምስክር ግን ጠፋ። ጋሸንና እናቴን የዳረው ሽማግሌ በቆሎውን ከዝንጀሮ እየጠበቀ መሆኑንና ለአንድ ቀን ቢለቀው ማሳው ባዶ እንደሚቀር ነገረኝ። እናቴን ያዋለደችው ሴትዮ እግሬን አሞኛል አለች፤ በነጋታው ገበያ አየኋት። የክርስትና እናቴ ባል ፊት ለፊት ነገረኝ። «ልጀ፣ ችሎት ቆሜ እከሌን ወታደሩን አውቀዋለሁ ብየ ስሜን አስጽፌ፣ ማታ እዚሁ ቤቴ ልተኛ ነው? አትፍረጅብኝ» አለ። አልፈረድኩበትም ብል ውሸት ነው። ፈረድኩበት። በሁሉም ፈረድኩባቸው። እኔን እያቀፉ ያሳደጉኝ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ እንግዳ ሆኑብኝ፤ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ጓሮ የሚገቡ ነበሩ።

የቀረው አባየ ነው። ጋሸ መምጣት ስለማይችል ይህን የሚነግረው ከእኔ በቀር ሰው የለም። በርበሬ ማሳው ውስጥ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለየ ሲለቅም አገኘሁትና አጠገቡ ገብቼ እኔም መልቀም ጀመርኩ። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። የኮሌጁን ነገር ነገርኩት፣ የሴትዮዋን ነገር ነገርኩት፣ የጎረቤቶቹን ነገር ነገርኩት። እጁ አላቆመም።

«ዛዲያ እኔ ምን ልበል ነው የሚሉት?» አለኝ።

«አባቷ እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ነው አባቷ በል ነው።»

«በመሐላ?»

«በመሐላ።»

«ሳይምሉ አይሆንም?»

«አይሆንም አሉ።»

የያዘው ቅርጫት እስኪሞላ ድረስ ለቀመ። እኔ እምቢ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ እምቢ ቢለኝ በእሱ ተናድጄ፣ አልቅሼ፣ ያልፍልኛል። ቅርጫቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ከተነሳ በኋላ «እንግዲህ አንች ከምትቀሪ» አለ። ወደ ቤት ስንገባም ስለ ትምህርቴ አልጠየቀኝም።

በቀጠሮው ቀን ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ነጭ ለብሶ መጣ። ጋሸ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። አባትና ልጅ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የተገናኙት እዚያ ነው። ጋሸ ጉልበቱን ሊስም ሲያጎነብስ አባየ ራሱን ይዞ ሳመውና ደረቱ ላይ አስጠግቶ ብዙ ቆየ። «እንኳን በሕይወት መጣህልኝ» አለው። ጋሸ ግን ያስጠጋው የማይሰማውን ጆሮውን ነበርና «ምን አልክ አባየ?» ብሎ ጮኸ። አባየ አልደገመለትም።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች፣ ሰው አክባሪ። አባየ ሲገባ «ይቀመጡ አባት» አለችው። የችሎቱ አስተናጋጅ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወደ እሱ ሲመጣ አባየ ጎንበስ ብሎ ኮንጎ ጫማውን አወለቀ። አስተናጋጁ ግራ ገብቶት «ግድ የለም አባት፣ ጫማዎን ይልበሱ» አለው። አባየ አልሰማውም፤ በባዶ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ቆመ። ከዚያ ለዳኛዋ «ልጀ፣ እኔ ሳልምል እውነቱን ብነግርሽ አይበቃሽም?» አላት። «ሕጉ ነው አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። እጁን መጽሐፉ ላይ አሳረፈ። በበርበሬ የቀላ እጅ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ የማይለቅ።

«አመልካቿን ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«ምንዎ ናት?»

«ልጀ ናት» አለ አባየ።

ጋሸ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠችና አየችው። ከዚያ በዝግታ፣ ለልጅ እንደሚያስረዱ፣ «አባት፣ ከእርስዎ ነው የተወለደችው?» አለችው። አባየ ወደ እኔ ዞረ። ምን ብዬ እንዳየሁት አላውቅም። እንዲናገር ነው ያየሁት? እንዲተወው? ኮሌጁን ነበር የማስበው፤ ያንን አውቃለሁ።

«ከእኔ አልተወለደችም።»

«ስለዚህ አባቷ እርስዎ አይደሉም?»

«አይደለሁም።»

«አባቷ ማነው?»

በጣቱ ጋሸን አሳየ። ስሙን እንዲጠራ ጠየቀችው፤ ጠራው። ዳኛዋ አመስግና አሰናበተችው። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወጣና እደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አጠለቀው። እኔ ውስጥ ቀረሁ። ሁለት አባት ያለኝ ነበር የሚመስለኝ፤ አንዱ ደመወዝ ለማግኘት ልጅ የለኝም ብሎ ጽፏል፣ አንዱ ለእኔ ትምህርት ብሎ አባቷ አይደለሁም ብሎ ምሏል። እንዲህ አድርጎ ነው መንግሥት አባት የሚሰጠው።

ውሳኔው ወጣ። የክፍሉም ደብዳቤ፣ ጋሸ ወዲያ ወዲህ ሲል ከርሞ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ደረሰ። በእኔ ስምና በአባየ ስም መካከል ጋሸ ገባ፤ አባየ አንድ ወደ ኋላ ሄደ። የኮሌጁ ሴትዮ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ፤ ከልቧ ነው። ጋሸ ምሳ ጋበዘኝ። ሥጋ አዝዞ፣ በእጁ እያጎረሰኝ፣ «እንግዲህ ጋሸ ማለቱን ተይው፤ አባቴ በይኝ» አለ፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሰማ። «እሺ ጋሸ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ አፌ ገና አልለመደም ብሎ ነው የሳቀው። እስከ ዛሬ አልለመደም።

አገር ቤት ስመለስ አባየ በሬዎቹን እያስገባ ነበር። መመዝገቤን ነገርኩት። «እግዜር ይመስገን» አለ። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ይጠራኛል፤ በስሜ ነው። «ልጀ» የለም። ተቆጥቶ ይሆናል ብዬ ምን እንዳጠፋሁ አሰብኩ፤ ያጣሁትን ነገር በየቦታው ፈለግኩ። ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር ከኮሌጁ ያየሁትን አወራለታለሁ፤ የልብ ምት እንዴት እንደሚለካ እጁን ይዤ አሳየዋለሁ። ይስቃል፤ ይመርቀኛል። በስሜ ይመርቀኛል።

መጨረሻ ላይ አላስቻለኝምና ጠየቅኩት። «ምን አድርጌህ ነው?» አልኩት።

«ምንም አላደረግሽኝ።»

«ታዲያ ለምን ልጀ አትለኝም?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «ምያለሁ እኮ» አለ። «እጀን ጭኘ አይደለሁም ብያለሁ። እዚያ ለመንግሥት አይደለችም ብየ፣ ቤቴ ገብቸ ልጀ ብል፣ በእግዜር ማላገጥ አይሆንም?»

ሮጬ ወደ ንስሐ አባቱ ሄድኩ። ቄሱ ቤታችን መጥተው አስቀመጡት። የማለው እውነት መሆኑን፣ በሐሰት እንዳልማለ፣ ልጀ ማለት ደግሞ ትልቅ ሰው ለታናሹ ሁሉ የሚለው ቃል መሆኑን፣ ኃጢአት እንደሌለበት ነገሩት። አባየ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። «ልክ ነዎት አባ» አላቸው። «ግን እኔ ለሰው ሁሉ እንደምለው ብያት አላውቅም። እኔ እሷን ልጀ ስል የምሬን ነበር።» ቄሱ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። እኔ ወጥቼ በርበሬው መካከል ቆሜ አለቀስኩ። ያኔ ተናደድኩ፤ በፍርድ ቤቱ፣ በኮሌጁ፣ በጋሸ፣ ዝንጀሮ ሲጠብቁ በዋሉት ጎረቤቶቼ፣ በአባየ ግትርነት፣ በሁሉም። ነፃ ትምህርት ነው ይላሉ ደግሞ።

ባለፈው ክረምት አባየ ሆዱን ታመመ። እኔ ለልምምድ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተመድቤ ነበርና እዚያው አስመጣሁት። በባጃጅ ደገፍ አድርጌ አስገብቼ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ አጋደምኩት። ነጭ ጋውን ለብሻለሁ፤ ሳየው በእኔ የኮራ መሰለኝና ሕመሙን ለአፍታ ረሳሁት። ካርድ የምታወጣው ልጅ ስሙን ጠየቀችኝ፣ ዕድሜውን ጠየቀችኝ።

«አስታማሚ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነሽ?»

«ልጁ ነኝ» አልኩ። አስቤ አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ።

አባየ ከተጋደመበት በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ላብ ፊቱ ላይ ይወርድ ነበር። «አይደለችም፣ ልጀ» አላት ካርድ የምታወጣዋን። «እንዳትጽፊው።»

ልጅቷ ብዕሯን ይዛ እኔን ታየኝ ጀመር። «የልጅ ልጅ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ጻፈች። አባየም መጻፏን ካየ በኋላ ተመልሶ ተጋደመ።